የዓይን ፀጉር መቀልበስ ቀዶ ሕክምና አማራጮችና ውጤታቸው

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ ወረዳዎች፣ እንደ ብዙዎቹ የአማራ ክልል አካባቢዎች ሁሉ፣ በትራኮማ ሳቢያ የሚከሰተው የዓይን ፀጉር መቀልበስ የአርሶ አደሩን በተለይም የእናቶችን የዓይን ብርሃን ሲያሳጣ የቆየ የጤና ችግር ነው። ችግሩ በማደንዘዣ ታግዞ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በሚጠናቀቅ ቀላል ቀዶ ሕክምና ሊታረም ይችላል። አገልግሎቱም በጤና ጣቢያ ደረጃ፣ ለዚሁ ሥራ በሠለጠኑ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ጭምር በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ በዚሁ በአማራ ክልል ገጠር ቀበሌዎች የተካሄዱ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገላቸው ታካሚዎች መካከል ቀላል የማይባሉት ፀጉሩ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ዓይናቸውን መውጋት ይጀምራል። በመሆኑም የአገልግሎቱ ስኬት መለካት ያለበት ቀዶ ሕክምና ባገኙ ሰዎች ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከወራት በኋላ ዓይናቸው ዳግም ተመርምሮ ከፀጉር ነፃ ሆነው በተገኙት ሰዎች ቁጥር ጭምር ነው።

በሽታው ዓይንን እንዴት ይጎዳል?

በተለምዶ የዓይን ማዝ ተብሎ የሚጠራው ትራኮማ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ባክቴሪያው በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ አማካይነት በእጅ፣ በፎጣና በነጠላ እንዲሁም በዝንቦች ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው፣ ከልጅም ወደ እናት ይተላለፋል። ውኃ በማይገኝበት፣ የልጆች ፊት አዘውትሮ በማይታጠብበትና መፀዳጃ ቤት ባልተስፋፋበት አካባቢ ሕፃናት በበሽታው በተደጋጋሚ ይያዛሉ።

ለዓመታት የተደጋገመው ቁስለት በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል። ጠባሳው እየጠነከረና እየተኮማተረ ሲሄድ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለሚስበው ሽፋሽፍቱ አቅጣጫውን ይስታል። በዚህ ጊዜ ፀጉሩ ኮርኒያ የተባለውንና በብሌኑ ፊት ለፊት የሚገኘውን ጥርት ያለ የዓይን ክፍል በእያንዳንዱ ጥቅሻ ይፍቀዋል። በሕክምናው ቋንቋ ትሪኪያሲስ የሚባለው ይህ ደረጃ ነው። ታማሚው የፀሐይ ብርሃንንና የማድቤት ጭስን መቋቋም ያቅተዋል፤ ዓይኑ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ፍትጊያው ሲቀጥል ኮርኒያው ይቆስላል፤ በመጨረሻም ነጭ ጠባሳ ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ የሥራ ኃላፊዎችም ሆኑ ኅብረተሰቡ ሊገነዘቡት የሚገባ መሠረታዊ ነጥብ አለ። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተጋረደ ብርሃንን ይመልሳል። የዓይን ፀጉር መቀልበስ ቀዶ ሕክምና ግን፣ እንደ ግላኮማ ቀዶ ሕክምና ሁሉ፣ ዋና ዓላማው የቀረውን ብርሃን ማዳን ነው። ኮርኒያው አንዴ በጠባሳ ከተሸፈነ የዓይን ቆብን ማስተካከል ጠባሳውን አያጠፋውም። ስለሆነም ታካሚው የሚቀርበት ብርሃን መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ወደ ቀዶ ሕክምናው በመጣበት ጊዜ ነው።

የችግሩ ስፋት

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከሀገሪቱ ሕዝብ 1 ነጥብ 6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር ነበር። ከመንስኤዎቹ መካከል የዓይን ሞራ 49 ነጥብ 9 በመቶ በመያዝ ቀዳሚ ሲሆን፣ በትራኮማ ምክንያት የሚመጣ የኮርኒያ ጠባሳ በ11 ነጥብ 5 በመቶ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የግላኮማ ድርሻ 5 ነጥብ 2 በመቶ ነበር።

በዚያው ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 3 ነጥብ 1 በመቶ ያህሉ የዓይን ፀጉር መቀልበስ እንዳለባቸው ሲታወቅ፣ በአማራ ክልል መጠኑ 5 ነጥብ 2 በመቶ ደርሶ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የክልሉ ሕፃናት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። የችግሩ ዋነኛ ተጠቂዎች ሴቶች ሲሆኑ፣ በሴቶች ላይ የታየው የፀጉር መቀልበስ መጠን ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። ለዚህም በዋናነት የሚጠቀሰው ምክንያት እናቶችና ታላላቅ እህቶች ከሕፃናት ጋር ያላቸው የቀረበ ንክኪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ክልሉ ሰፊ ሥራ አከናውኗል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ማልትራ በሚል ስያሜ የወባና የትራኮማ መከላከል ሥራዎችን ያጣመሩ ዘመቻዎች ተካሂደው አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ለሚሊዮኖች ተሰጥቷል። ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለቦች በተገኘ ድጋፍ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሠልጥነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮም በሀገር አቀፍ ደረጃ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ታካሚዎችን ቁጥር በፍጥነት ለማቃለል የሚያስችል የተፋጠነ ዘመቻ ተጀምሮ በርካታ ሰዎች የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ሆነዋል።

ወረንጦ ወይስ ቀዶ ሕክምና?

የገጠሩ ኅብረተሰብ የቆየ መፍትሔ የተቀለበሰውን ፀጉር በወረንጦ መንቀል ነው። ይህ ልማድ ሙሉ በሙሉ ጎጂ ነው ተብሎ የሚወገዝ አይደለም። የለንደን የሥነ ንጽህናና የሐሩር ክልል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር በአማራ ክልል ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ በሆነው ጥናት፣ ከስድስት ያነሱ ፀጉሮች የተቀለበሱባቸው 1 ሺህ 300 ሰዎች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ለሌሎቹ ጥራት ያለው ወረንጦና የአነቃቀል ሥልጠና ተሰጥቷል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ችግሩ የተባባሰባቸው ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና የተሸጋገሩት ከነቃዮቹ 13 ነጥብ 2 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ደግሞ 2 ነጥብ 2 በመቶ ነበሩ። ሆኖም በሁለቱ ወገኖች የማየት አቅምና በኮርኒያ ጠባሳ ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ምርጫ ቢሆንም፣ ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰበትና ቀዶ ሕክምናን የማይፈልግ ሰው ያለ አገልግሎት መሸኘት እንደሌለበት ነው። ለዚህ ሰው ትክክለኛ ወረንጦ፣ ሥልጠናና ቋሚ ክትትል ሊሰጠው ይገባል። በጣት ወይም በደነዘዘ ወረንጦ የሚነቀል ፀጉር ግን ተሰብሮ ስለሚቀርና ጉቶው ከሙሉው ፀጉር ይበልጥ ስለሚወጋ አደገኛ ነው። ብዙ ፀጉር ለተቀለበሰባቸው ደግሞ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው።

ሁለቱ የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች

በኢትዮጵያ በሥራ ላይ የዋሉት የቀዶ ሕክምና ዘዴዎች በዋናነት ሁለት ናቸው። በሁለቱም ዓላማው አንድ ነው፤ ወደ ውስጥ የተሳበውን የቆብ ጠርዝ ወደ ውጭ ማዞር።

የመጀመሪያው የሁለት ንብርብር ቀዶ ሕክምና ሊባል የሚችለው ነው። በዚህ ዘዴ ባለሙያው ከሽፋሽፍቱ መስመር ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ የዓይን ቆቡን ከውጭ ቆዳው እስከ ውስጠኛው ገጽ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይቀድደዋል። ከዚያም ጠርዙን ወደ ውጭ አዙሮ በስፌት ያጸናዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦማን የተካሄዱ ጥናቶች የዘዴውን ውጤታማነት ካሳዩ በኋላ በብዙ ሀገሮች ተስፋፍቷል።

ሁለተኛው የውስጠኛ ንብርብር ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህኛው የውጭው ቆዳ አይነካም። ቆቡ ይገለበጥና ጠንከር ያለው ውስጠኛ ንብርብር ብቻ ተቀድዶ ጠርዙ እንዲዞር ይደረጋል።

የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ በአማራ ክልል 1 ሺህ ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ፀጉሩ የተመለሰባቸው ታካሚዎች በሁለት ንብርብር ዘዴ 22 በመቶ ሲሆኑ፣ በውስጠኛ ንብርብር ዘዴ 13 በመቶ ነበሩ። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በአንድ ወረዳ 1 ሺህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ቢያገኙ በመጀመሪያው ዘዴ 220፣ በሁለተኛው 130 ሰዎች በዓመቱ መጨረሻ እንደገና ታማሚ ይሆናሉ እንደ ማለት ነው።

የተሻለ በተባለው ዘዴም ቢሆን ከመቶ አሥራ ሦስቱ ላይ ችግሩ እንደሚመለስ መዘንጋት የለበትም። በሁለት ንብርብር ዘዴ የሠለጠነን ባለሙያ በቂ ሥልጠና ሳይሰጡ ወደ ሌላው ዘዴ ማሸጋገርም ጥናቱ ያሳየውን ውጤት አያስገኝም።

ክርና መድኃኒት

የስፌት ክር ምርጫም ተፈትሿል። በቀዶ ሕክምናው ሲያገለግል የቆየው የሐር ክር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በባለሙያ መውጣት አለበት። በራሱ ጊዜ የሚሟሟ ክር ግን መውጣት አያስፈልገውም። በአማራ ክልል በሌሎች 1 ሺህ 300 ታካሚዎች ላይ የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ በሁለቱም የክር ዓይነቶች ከመቶ 18 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ፀጉሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሷል፤ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

ይህ ግኝት ለገጠር ወረዳዎች የተለየ ትርጉም አለው። ውጤቱ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ክር ለማስወጣት ተመልሶ ለመምጣት የሚቸገር የሩቅ ቀበሌ ታካሚ በሚሟሟ ክር መሰፋቱ ስፌቱ ዓይኑ ላይ እንዳይቀር ያደርጋል። ሆኖም የሚሟሟው ክር ሌላውን የክትትል ምርመራ አያስቀርም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚሰጠው መድኃኒትም ለውጥ ያመጣል። በወላይታ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ጊዜ የሚወሰድ አዚትሮማይሲን ከቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ጋር ሲነጻጸር ፀጉሩ ተመልሶ የመቀልበሱን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ፀጉሩ ለምን ይመለሳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ታካሚው የሚመጣበት የሕመም ደረጃ ነው። ብዙ ፀጉር የተቀለበሰበትና ቆቡ ክፉኛ የተጠቀለለ ዓይን ለዳግም መቀልበስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሁለተኛው የባለሙያው ክህሎት ነው። ቅዱ አጭር ሆኖ የቆቡን ዳርና ዳር ካላዳረሰ ወይም ስፌቱ ሚዛኑን ካልጠበቀ ፀጉሩ በተዘለለው በኩል ይመለሳል። ተመሳሳይ ሥልጠና በወሰዱ ባለሙያዎች መካከል እንኳ ሰፊ የውጤት ልዩነት መኖሩን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሦስተኛው የጠባሳው በጊዜ ብዛት መቀጠል ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በትክክል በተሠራለት ሰው ላይም ሊያጋጥም ይችላል።

ከመመለሱ ሌላ የቆቡ ቅርጽ መዛባት፣ ዓይን ሙሉ በሙሉ አለመከደንና በቁስሉ ላይ ትርፍ ሥጋ መብቀል አልፎ አልፎ የሚታዩ ጉዳቶች ናቸው። አብዛኞቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው ሊስተካከሉ ይችላሉ። በጊዜ የሚደረስባቸው ግን ታካሚው ተመልሶ ሲታይ ብቻ ነው።

እነዚህ ችግሮች የቀዶ ሕክምናውን ጠቀሜታ አያሳንሱትም። በአማራ ክልል የተካሄዱ የክትትል ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ የማየት አቅማቸው ያልተሻሻለ ታካሚዎች እንኳ ሕመሙ ስለሚቀልላቸው የኑሮ ሁኔታቸው ይሻሻላል፤ ወደ ዕለት ተዕለት ሥራቸውም ይመለሳሉ።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ነባራዊ ሁኔታ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ቦረናን ጨምሮ ወግዲ፣ ከለላ፣ ሳይንት፣ መሐል ሳይንትና ለጋምቦ በደጋማ ሜዳዎችና በጥልቅ ሸለቆዎች የተከፋፈሉ ወረዳዎች ናቸው። ዓባይና በሽሎ፣ እንዲሁም ገባሮቻቸው የሸረሸሯቸው ገደሎች አንዱን ቀበሌ ከሌላው ይለያሉ። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ጤና ጣቢያ ዓይኗ ብርሃን ለማይችል እናት የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል።

ከፍተኛ የዓይን ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው የዞኑ ነዋሪዎች ለረጅም ዓመታት በዓይን ሕክምና አገልግሎቱ የሚታወቀው በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴና አካባቢዋን ባዳረሰበት ወቅት በጤና ተቋማት ላይ ጉዳት ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም የዘመቻ ሥራዎችንና የባለሙያዎችን እንቅስቃሴ አስቸጋሪ አድርጓል።

በዚህ መልክዓ ምድር የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ተመራጭ መሆኑ አያጠያይቅም። ባለሙያው ወደ ሕዝቡ ስለሚሄድ ብዙዎችን በአጭር ጊዜ ይደርሳል። የዘመቻው ደካማ ጎን ግን ባለሙያው ወደ ሌላ ወረዳ ከተሻገረ በኋላ ታካሚውን የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ታካሚው በማግስቱ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ እንዲሁም ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መታየት አለበት። ፀጉሩ መመለሱን የሚያሳየውና የባለሙያውን የሥራ ጥራት የሚመዝነው ይህ የመጨረሻው ምርመራ ነው። በተግባር በቀላሉ የሚዘለለውም እርሱ ነው።

ክፍተቱን ለመሙላት በየቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቁልፍ ድርሻ አላቸው። የታካሚዎች ስም ዝርዝር በጤና ኬላው ከተቀመጠ፣ ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝቷ የእያንዳንዱን ታካሚ ዓይን በባትሪ ብርሃን አይታ ፀጉር የተመለሰበትን ሰው ልትለይ ትችላለች። ፀጉሩ የተመለሰበት ዓይን ጠባሳው ስለሚበዛ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ታካሚው መላክ ያለበት የተሻለ ልምድ ወዳለው ባለሙያ ነው።

ታካሚዎች ቀዶ ሕክምናን የሚሸሹባቸው ምክንያቶችም ትኩረት ይሻሉ። የቢላዋ ፍርሃት፣ አጃቢ ማጣት፣ ቤትና ልጆችን የሚጠብቅ ሰው አለመኖር ተጠቃሽ ናቸው። ቀደም ሲል ተሠርቶለት ፀጉሩ የተመለሰበት ጎረቤት መኖሩም ሌሎችን ያስቀራል። አንድ ያልተሳካ ቀዶ ሕክምና በቀበሌው ውስጥ የሚያስከትለው ጥርጣሬ በብዙ ቅስቀሳ አይነሳም። በአንጻሩ ተሠርቶላት የዳነች እናት በገበያ፣ በእድርና በሃይማኖት ሥፍራ የምትሰጠው ምስክርነት ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

ከአፈጻጸም ሪፖርት ባሻገር

ትራኮማ የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ አብቅቷል ለማለት የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መስፈርቶችን አስቀምጧል። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ላይ የንቁ ትራኮማ መጠን ከ5 በመቶ በታች መሆን፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በጤና ሥርዓቱ ያልታወቀ የፀጉር መቀልበስ ከ0 ነጥብ 2 በመቶ በታች መሆን፣ እንዲሁም አዳዲስ ታማሚዎችን ለይቶ የሚያክም ቋሚ ሥርዓት መኖር ናቸው። ኦማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሞሮኮ በ2016፣ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 ይህን ማረጋገጫ አግኝተዋል።

ሦስተኛው መስፈርት በቀጥታ የወረዳ አመራሮችን የሚመለከት ነው። ዘመቻ ሲያበቃ በወረዳው ውስጥ ታማሚን የሚለይ፣ የሚያክምና የሚከታተል ሰው መቅረት አለበት ማለት ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርት ለሚገመግም ኃላፊም ከ«ስንት ሰው ተሠራለት?» ጋር አብረው መነሳት የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ከተሠራላቸው ስንቶቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ታይተዋል? ከታዩት ስንቶቹ ላይ ፀጉሩ ተመልሷል? የተመለሰባቸው ሰዎች ወዴት ተላኩ? የእያንዳንዱ ባለሙያ ውጤት ለየብቻ ይታወቃል? ውጤቱ ዝቅተኛ የሆነ ባለሙያ የማሻሻያ ሥልጠና አግኝቷል?

የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች፣ ክር፣ ማደንዘዣና የቴትራሳይክሊን ቅባት ሳይሟሉ ባለሙያን ማሠልጠን ብቻውን ውጤት እንደማያመጣም ግልጽ ነው። የሠለጠነው ነርስ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ከተዛወረ ወይም የራሱን መደበኛ ሥራ ደርቦ የሚሠራ ከሆነ የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ክህሎት ይባክናል።

ከዚሁ ጎን ለጎን የንጹሕ ውኃ አቅርቦት፣ የመፀዳጃ ቤት ግንባታና የሕፃናት የፊት ንጽሕና አጠባበቅ ካልተጠናከረ የዛሬ ሕፃናት የነገ የቀዶ ሕክምና ፈላጊዎች መሆናቸው አይቀርም። ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል ተጣምረው ሴፍ የተሰኘውን ስልት የመሠረቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከአራቱ ሦስቱ መጪውን ትውልድ ይታደጋሉ። ፀጉሩ ዛሬ ዓይኗን እየፋቀ ላለችው እናት ግን በጊዜው የተሠራና ክትትል ያልተለየው ቀዶ ሕክምና የዓይን ብርሃኗን የማትረፊያ ዋነኛ መንገድ ነው።